የአምስት ሰዓቱ ቀብር

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ሰማዩ አንዲት የደመና ጭረት አልነበረበትም፤ በረዶው እንዲዘንብ የታዘዘው ለአምስት ሰዓት ነው።

ኤልዳና በሳንክት ሎሪን ከተማ በር ፊት ተሰልፋ ቆማለች። ከአዲስ አበባ አብረዋት የመጡት ጎብኚዎች ከፊትና ከኋላዋ አሉ። በሩ ላይ ያለችው አስተናጋጅ በየሰዉ አንጓ ላይ አረንጓዴ ጥብጣብ ታስራለች። ጥብጣቡ አመሻሽ ላይ ቀይ ይሆናል፤ ቀይ ሲሆን ከተማውን መልቀቅ ግድ ነው። ማደሪያው ከታች፣ ሸለቆው ውስጥ ነው። እዚህ የሚያመሸውና የሚያነጋው ነዋሪ ብቻ ነው። ነዋሪነት የሥራ መደብ ነው።

ከከተማው ጀርባ ተራራው ተገትሯል። ድሮ ዘመን የማይቀልጥ በረዶ የነበረበት ጫፉ ዛሬ ነጭ ሸራ ለብሷል። ነፋስ ሲነካው ሸራው ሲርገበገብ እስከ ታች ይሰማል።

«ማን ሞቶባቸው ነው ድንኳን የጣሉት?» አሉ እትዬ ሊድያ ሽቅብ እያዩ።

«ተራራው ነዋ» አሉ ባለቤታቸው ጋሽ አቤኔዘር።

«ቀልድህን ለማታ አቆየው። ዛሬ የያዝነው ጉዳይ አለ።»

ጉዳዩ የኤልዳና ነው። ታናሽ ወንድሟ ዮፍታሔ በዚህ ከተማ ነዋሪ ሆኖ ከተቀጠረ ሁለት ዓመት አልፎታል። እናታቸው ወይዘሮ ሜሮን ኅዳር ላይ አርፈዋል። አሁን ሚያዝያ ነው። ለዮፍታሔ መርዶው አልተነገረውም።

ቀብሩ በተፈጸመ ማግስት አጎታቸው አቶ ኢዮብ የቤቱን ሰው ሰብስበው ነበር። «በስልክ መርዶ የሚነገረው ለጠላት ነው» አሉ። «ንጋት ላይ፣ ግራና ቀኝ የሚይዘው ሰው ባለበት፣ በሽማግሌ አፍ ይነገረው። እስከዚያ ሜሮን ትደውልለት።»

ማንም አልተገረመም። ልጁ ባሕር ማዶ ያለ ቤተሰብ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለወይዘሮ ሜሮን የእሳቸውን ድምፅ አስመስሎ የሚናገር ውክል ድምፅ ተከፈተላቸው። ድምፁ ቁምሳጥናቸው ላይ ከተቀመጠች ትንሽ ጥቁር ሳጥን ይወጣል። እሁድ እሁድ ማለዳ፣ ዮፍታሔ ሥራ ሳይገባ ይደውልለታል፤ ያወራዋል፤ ይመርቀዋል፤ ይሰናበተዋል። በዚያ ሰዓት ኤልዳና የእናቷን ክፍል በር ዘግታ ሳሎን ትቀመጣለች። መጀመሪያ ሰሞን ጆሮዋን ትደፍን ነበር። በኋላ መድፈኑን ተወችው።

ነዋሪ ውሉ ሳያልቅ ከከተማው አይወጣም። ዘመድም አይገባለትም። የሚገባው ጎብኚ ነው። ስለዚህ ኤልዳና የጉብኝት ትኬት ቆረጠች።

ሽማግሌ ግን አልነበራትም። ትናንት በሆቴሉ እራት ላይ ከቡድኑ ሁሉ በዕድሜ የገፉትን ሁለቱን መርጣ ወደ ገበታቸው ቀረበችና፣ «አንድ ነገር ላስቸግራችሁ» አለች። እስክትጨርስ ድረስ ማንኪያቸውን አስቀምጠው አዳመጧት።

«ልጆቻችን ለሃምሳኛ ዓመት ጋብቻችሁ ተዝናኑ ብለው ነው የላኩን» አሉ ጋሽ አቤኔዘር። «መርዶ ነጋሪ ልሁን?»

«ሌላ ማን አላት? ደግሞ አንተ ስትዝናና አይቼህ አላውቅም።»

«ንጋት ላይ ነው መነገር ያለበት» አሉ ሽማግሌው፣ ወደ ኤልዳና ዞረው።

«ንጋት ለጎብኚ አልተፈቀደም፣ ጋሼ።»

ጋሽ አቤኔዘር ዳቦውን ቆርሰው ሳይጎርሱት ያዙት። «እንግዲያው የተፈቀደልንን ሰዓት ንጋት እንለዋለን» አሉ።

አስጎብኚው ሮቤል ወጣት ነው፤ ጭንቀቱ ስለ ኮከብ ነው። ጎብኚ ለከተማው ኮከብ ይሰጣል፤ ከተማውም ለጎብኚው ቡድን ይሰጣል። ኮከቡ ያነሰ ቡድን ለከርሞ አይጋበዝም። በሩን እንዳለፉ ሰብስቦ ደንቡን ነገራቸው።

«ነዋሪን በስሙ አትጥሩ። አትንኩት። ሰላም ሲላችሁ ፈገግ በሉለት። ነዋሪ ከአካባቢው ቋንቋ ውጭ ከተናገረ ውሉ ይፈርሳል። እባካችሁ፣ የሰው እንጀራ እንዳትዘጉ።»

«ቢያስነጥሰውስ? በየትኛው ቋንቋ ይማርህ ልበለው?» አሉ ጋሽ አቤኔዘር።

ሮቤል አልሳቀም።

ጥቂት እንደሄዱ ደወል ተደወለ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት መስኮቶች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። ከየመስኮቱ ነጭ የአልጋ ልብስና ትራስ ወጥቶ ለፀሐይ ተንጠለጠለ። ዳቦ ጋጋሪው በሩ ላይ ቆሞ ዱቄቱን ከእጁ አራገፈ። ዱቄቱ ካለቀ በኋላም ያራግፋል። ከምንጩ አጠገብ ሁለት አሮጊቶች ሦስተኛ ጎረቤታቸውን ያማሉ፤ አንዱ ቡድን አልፎ ሌላው ሲደርስ ሐሜቱን ከመጀመሪያው ይጀምሩታል። ሦስተኛ ጎረቤት የላቸውም።

ቢጫው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዮፍታሔ ታየ። አረንጓዴ ሰደርያ ለብሷል። ባርኔጣው ላይ ላባ ተሰክቷል።

«ያ ነው?» አሉ እትዬ ሊድያ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

«እሱ ነው።»

«ከስቷል።»

«ልብሱ ሰፍቶት ነው።»

ዮፍታሔ ቁልቁል አያት። ሳያሳውቅ የመጣ ዘመድ ከደጃፍ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የአገሯ ሰው የለም። ፊቱ አልተለወጠም። የአልጋ ልብሱን በመዳፉ ደለደለ። የደለደለውን እንደገና ደለደለው። ከዚያ ከመስኮቱ ዞር አለ።

ኤልዳና ከቡድኑ ጋር መራመዷን ቀጠለች። የእንጨት ማንኪያ የሚቀርጽ ሰው አሳዩአቸው። አይብ አቀመሷቸው። አይቡን «ጥሩ ነው» አለች፤ ጥሩም ነበር።

ነዋሪና ጎብኚ በአንድ መንገድ ላይ የሚገናኙበት ሰዓት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የአምስት ሰዓቱ ቀብር ነው። የመጨረሻው የከተማው ተወላጅ የሞቱት ኤልዳና ገና ተማሪ ሳለች ነው። ቀብራቸውን ያዩ ጎብኚዎች ወደዱት። በማግስቱ ተደገመ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይፈጸማል። ዮፍታሔ ከስድስቱ የሬሳ ሳጥን ተሸካሚዎች አንዱ ነው፤ ቦታው ከፊት በቀኝ በኩል።

ሥራው ምን እንደሆነ ሲነግራቸው ወይዘሮ ሜሮን ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። «የሰው አገር ሬሳ ተሸክመህ ስትውል የኔን ማን ሊሸከም ነው?» አሉት። ቢላዋቸው አልቆመም። በተሸኘበትም ቀን ሳይመርቁት ነው የሄደው።

አምስት ሰዓት ሲሆን በረዶው ጀመረ። ከየጣሪያው ጠርዝ ተነስቶ፣ ጥቂት አየር ላይ ቆይቶ፣ በመንገዱ ላይ ብቻ ወረደ። ከጎን ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ደረቅ ናቸው። ጎብኚዎች ከገመዱ ወዲህ ተደርድረው ስልካቸውን አነሱ።

የኤልዳናና የሁለቱ ሽማግሌዎች አሳብ እንዲህ ነበር፦ ሰልፉ መቃብሩ አጥር ጋ ሲደርስ ጋሽ አቤኔዘር በገመዱ ላይ ጠጋ ብለው ዮፍታሔን በጆሮው ይነግሩታል፤ ኤልዳና ከኋላቸው ትሆናለች። ሌላው የቡድኑ ሰው ምንም አያውቅም።

መጀመሪያ ጥሩንባ ነፊዎቹ አለፉ። ቀጥሎ ሳጥኑ መጣ። በዚያን ጊዜ ከኤልዳና አጠገብ የቆመው ጎልማሳ፣ ጠዋት ሙሉ ስለ ሆቴሉ ሻወር ሲያማርር የነበረው ሰው፣ ኮፍያውን አወለቀ። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ገመዱን በእጁ ከፍ አድርጎ ከሥሩ አለፈ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ዘቅዝቃ ለበሰችና ተከተለችው። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሁሉም።

«ትርኢት ነው!» አለ ሮቤል በሹክሹክታ፣ እጁን እያራገበ። «ኧረ ትርኢት ነው፣ ወገኖቼ!»

«ቢሆንስ?» አለ ጎልማሳው ሳይዞር። «ሬሳ በፊቴ ሲያልፍ ስልክ ልደቅን?»

«ሬሳ የለበትም እኮ!»

«እሱን እግዜር ይወቅ። እኛ እንሸኝ።»

ኤልዳናና ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያይተው ገቡ። የአዲስ አበባ ጎብኚዎች ከጥሩንባው በኋላ፣ ከሳጥኑ ኋላ፣ እጃቸውን አጣምረው፣ በዝግታ ሄዱ። የሌላ አገር ሰዎች ስልካቸውን ወደነሱ አዞሩ። የመንገዱ አስተናጋጅ ጆሮው ላይ ያለውን ነገር በጣቱ ተጭኖ ትእዛዝ ጠበቀ። ትእዛዝ አልመጣለትም። እስከ ዛሬ ቀብሩን የተከተለ ጎብኚ ስላልነበረ ለዚህ የተጻፈ ደንብ አልነበረም። የመቃብሩ በር ክፍት ነበር፤ ገቡ።

ጉድጓዱ ዙሪያው በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ሥሩ ሳጥኑን የሚያወርድና መልሶ የሚያወጣ የብረት ወለል አለው። ተሸካሚዎቹ ሳጥኑን በዝግታ አሳረፉ። ዮፍታሔ ቀና ሲል ጋሽ አቤኔዘር ፊቱ ቆመዋል፤ ባርኔጣቸው በእጃቸው ነው። ከኋላቸው እህቱ አለች። ጎልማሳው የሽማግሌውን አቋቋም፣ የኤልዳናን ፊት፣ የልጁን መልክ አየ። የነገረው ሰው የለም። ሄዶ በዮፍታሔ ቀኝ ቆመ። ሌላ ሰው በግራው ቆመ። ክንዶቹን ያዙት።

«ልጄ ዮፍታሔ» አሉ ጋሽ አቤኔዘር። «አታውቀኝም። አቤኔዘር እባላለሁ። እህትህ አደራ ብላኝ ነው የመጣሁት።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሰው ልጅ መንገዱ አንድ ነው። እናትህ ወይዘሮ ሜሮን በኅዳር ጽዮን ማግስት አርፈዋል። በወጉ ተቀብረዋል። አገሩ ሁሉ ወጥቶ ሸኝቷቸዋል። እግዚአብሔር ያጽናህ።»

«ወይ ልጄ! ወይ ልጄን!» አሉ እትዬ ሊድያ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው። ለሦስተኛ ጊዜ ግን አልጮኹም። ዮፍታሔ አልተንቀሳቀሰም። ክንዱን የያዙት ሁለት ሰዎች የሚይዙት ነገር አላገኙም። በረዶው ባርኔጣው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ እንደማይቀልጥ ኤልዳና አስተዋለች።

ዮፍታሔ አንድ ነገር በአካባቢው ቋንቋ ተናገረ፤ ከልማድ የመጣ የሰላምታ ቃል ነበር። ከዚያ በአማርኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አውቃለሁ» አለ።

ኤልዳና ቀረበች። «ማን ነገረህ?»

«ማንም። መረቀችኝ።»

«ምን?»

«የመጀመሪያው እሁድ። ‘በሄድክበት ይቅናህ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ’ አለችኝ። እማዬ ናት እንዲህ የምትለኝ? እማዬ በደወልኩ ቁጥር ‘ዛሬ ደግሞ ማንን ቀበርክ?’ ነበር የምትለኝ።»

እውነቱን ነው። ድምፁን ሲያስከፍቱ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ እናትየው ለልጃቸው ምን ይሉት እንደነበር ጠይቋቸው ነበር። አቶ ኢዮብ «ትመርቀው ነበር» ብለው መለሱ፤ የሞተ ሰው በክፉ አይነሳም። ኤልዳና አጠገባቸው ነበረች። አላረመቻቸውም።

«አምስት ወር ሙሉ ለምን ዝም አልክ፣ ዮፍቴ?»

«መርዶ ሳይነገረኝ ምን ብዬ ላልቅስ?»

«አሁን ተነገረህ።»

«አሁን ተነገረኝ» አለ።

ቆመው ጠበቁ። ነጠላዋን የዘቀዘቀችው ሴት ዐይኗን በጫፉ ጠረገች። ሌሎቹ አምስት ተሸካሚዎች፣ ከየትም ከየትም የመጡ ሰዎች፣ አማርኛውን አይሰሙም፤ ግን አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ቀሪዎቹም ተከተሉት። ይህ በፕሮግራሙ ውስጥ የለም። ዮፍታሔ እጁን ወደ ፊቱ አንስቶ ጉንጩን ዳሰሰ። ጣቱን አየው። ደረቅ ነው።

«መርዶው ሲመጣ ልቅሶውም ይመጣል እል ነበር» አለ። «እዚህ በቆምኩ ቁጥር።»

ፊሽካ ተነፋ። የብረቱ ወለል ሳጥኑን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ተሸካሚዎቹ ባርኔጣቸውን አጥልቀው ወደየቦታቸው ተመለሱ።

«ባዶ ነው?» ብለው ጠየቁ ጋሽ አቤኔዘር ሳጥኑን እያዩ።

«ድንጋይ አለበት፣ አባባ። ባዶ ከሆነ ትከሻችን አይጎብጥም። ጎብኚ ያውቅበታል።»

ኤልዳና ስልኳን አወጣች። «መርዶው ከተነገረህ በኋላ ድምፁ ይዘጋ ብለዋል ጋሽ ኢዮብ። እያየኸኝ ልዝጋው።»

«እስከ እሁድ ተዪው።»

«ምን ያደርግልሃል? እሷ እንዳልሆነች ታውቃለህ።»

«ልነግራት ነው።»

«ምን ብለህ?»

«እማዬ ሞተች ብዬ» አለ። «ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እዚህ ለማን ልናገረው?»

ስልኩን መልሳ ከተተችው። ዮፍታሔ ጎንበስ ብሎ የሳጥኑን እጀታ ያዘ። ትከሻው ላይ ካደረገው በኋላ፣ ሳይዞር፣ «የእሷን ማን ተሸከመ?» አላት።

«ዕድርተኛው።»

«ከፊት፣ በቀኝ?»

«አላስተዋልኩም። ዐይኔ አያይም ነበር።»

ጥሩንባዎቹ ጀመሩ። ሳጥኑ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ኤልዳና የታናሽ ወንድሟን ጀርባ አየችው። ትከሻው በልክ ጎብጧል።

መውጫው በር ላይ አስተናጋጁ ሮቤልን ለብቻው ወስዶ አነጋገረው። ሮቤል ሲመለስ ፊቱ በርቷል። በአማርኛ የተነገረው ጸሎት መስሏቸዋል። ከተማው ለቡድኑ ሙሉ ኮከብ ሰጥቷል፤ የአዲስ አበባ ጎብኚዎች ሐሙስ ሐሙስ ቢመጡና ሬሳውን ቢከተሉ የመግቢያው ነገር እንደሚታሰብላቸው ጠቁመዋል።

«በራሳችን ሐዘን ጊዜም እንዲህ ቢያስቡልን» አሉ እትዬ ሊድያ።

ወደ ሸለቆው በሚወርደው ባቡር ውስጥ ጋሽ አቤኔዘር ከመስኮቱ ጥግ ተቀመጡ።

«አላለቀሰም» አሉ።

«ያለቅሳል።»

«ንጋት ላይ ብነግረው ኖሮ…»

«ተው እስቲ፣ አቤኔዘር።»

ኤልዳና በመስኮቱ ወደ ላይ ተመለከተች። ከተማው ላይ በረዶው ቆሟል። ተራራው ላይ ሸራው ይርገበገባል። እናቷ በሞቱበት ሌሊት የአልጋውን አንሶላ አጥፋ የት እንዳስቀመጠችው ለማስታወስ ሞከረች። ከጣቢያው እስኪደርሱ ይህንኑ ስታስብ ነበር፤ አልመጣላትም።

እሁድ ማለዳ አዲስ አበባ ነበረች። አቶ ኢዮብ ቅዳሜውን ደውለው ድምፁ ተዘግቶ እንደሆነ ጠይቀዋት፣ «ነገ» ብላቸዋለች። የእናቷ ክፍል ውስጥ ገባች። በሩን አልዘጋችውም። አልጋው ጫፍ ላይ፣ ቁምሳጥኑን ፊት ለፊት እያየች ተቀመጠች። እዚህ ፀሐይዋ መጋረጃው ላይ ደርሳለች። ሳንክት ሎሪን ላይ ገና እየነጋ ነው።

ጥቁሯ ሳጥን ላይ ያለችው የመብራት ነጥብ በራች። ስልኩ ጠራ፤ ተነሳ።

«እንዴት አደርክ፣ ልጄ?» አለ ድምፁ። «ደህና ነህ? ብርዱ እንዴት ይዞሃል?»

ድምፁ ጠበቀ፤ መጠበቅ ይችልበታል።

«እማዬ ሞተች» አለ ዮፍታሔ።

ከዚያ የሰማችው ልቅሶ ነበር። መጀመሪያ እንደ ሳል ነበር፤ ቀጥሎ ተከፈተ። ኤልዳና ከልጅነታቸው ወዲህ እንዲህ ሲያለቅስ ሰምታው አታውቅም። የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ እስኪያበቃ ተቀመጠች።

«እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ» አለው ድምፁ።

ከዚያ እህል ቀምሶ እንደሆነ ጠየቀው።